አባቴ የገባበት ዲስክ

ሰው የድሮ ካሴቱን በፌስታል ቋጥሮ ጎንደር ወዳለችው ካሴት መገልበጫ ሱቄ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ካሴቱ አይደለም። «ርካሽ ሆኖ ዲቪዲ አሳምሮ የሚሠራ ፕሮግራም የትኛው ነው? እኔው ቤቴ ቁጭ ብዬ ልሥራው» ይለኛል። እንጀራዬን ሊነጥቀኝ የመጣ ሰው ነውና ወግ ቢሆን መቆጣት ነበረብኝ። አልቆጣም። አስቀምጬ ሻይ አዝዝለትና ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳዋለሁ። ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት በስምንት ዓመቴ፣ መተማ ዮሐንስ፣ ከእናቴ ከምስራቅ አፍ ነው፤ ያን ዕለት እናቴ በአባቴ ላይ የሰሰተች መስሎኝ ጠልቻት ነበር።

ድንበር ማዶ ወዳለችው ገላባት በሚወስደው መንገድ ዳር ሙሐመድጣሂር የሚባል ሰው ቪዲዮ ቤት ነበረው። የሠርግና የክርስትና ካሴት ይገለብጣል፣ የሞባይል ባትሪ ይሞላል፣ ፎቶ ያነሳል፤ ሚስቱ ዘምዘም ደግሞ ከርከዴ አፍልታና አቀዝቅዛ ለመንገደኛ ትሸጣለች። በሩ ላይ መጋረጃ አልነበረም። በመጋረጃው ፋንታ ሲጻፉ የተበላሹ ዲስኮች በክር ተሰክተው ይንጠለጠላሉ። ንፋስ ሲነካቸው ይንቀጫቀጫሉ፤ ፀሐይ ስታርፍባቸው ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ የደንበኛው ግንባር ሳይቀር በትንንሽ ቀስተ ደመና ይሞላል። ውጭው እሳት ነው። ውስጥ አንድ ማራገቢያ እያንቀላፋ ይዞራል። እዚያ ቤት ስገባ ሕልሙ የት እንዳበቃ፣ እውኑ የት እንደጀመረ ይጠፋብኝ ነበር፤ ዛሬም ሳስታውሰው ሰዉም ነገሩም በዚያ በሚዋኝ ብርሃን ውስጥ ነው የሚታየኝ።

እዚያ የወሰዱኝ በአባቴ ጉዳይ ነው። አባቴ ሰማኸኝ የትራክተር ሹፌር ነበር። «ሱዳን ነው፤ ከገዳሪፍ ወዲያ ኔትወርክ የሌለበት እርሻ ላይ ሥራ ይዟል» ብለውኛል፤ እኔም አምኛለሁ። አንባቢን እንደ ሕፃን ማታለል ስለማልወድ እውነቱን አሁኑኑ ልናገር። አባቴ ሱዳን አልነበረም። በኅዳር፣ ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ እየጎተተ ወደ አብደራፊ ሲገባ ትራክተሩ ፈፋ ውስጥ ተገልብጦበት ሞቷል። ከእኔና ከአንድ ሰው በቀር አገር ያውቅ ነበር።

ያ አንድ ሰው ሳንጃ ያሉት የአባቴ እናት፣ አያቴ እማማ አለምነሽ ናቸው። አባቴ በሞተበት ሳምንት እሳቸው ጎንደር ሆስፒታል የዓይናቸው ሞራ ተገፎ፣ ፊታቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተኝተው ነበር። ሐኪሙ እንዳያጎነብሱ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁስሉ እስኪጠና ድረስ እንዳያለቅሱ አስጠንቅቋል። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል፣ ከዚያ ቤቱ በጩኸት ይናጋል። እንዲህ ያለ መርዶ ገና የተቀደደ ዓይን ይዘው ቢሰሙ ዓይናቸው እንደሚጠፋ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መከሩና «ዓይናቸው ይጥና» አሉ። «መርዶ ቢያድር አይሻግትም» ያለው የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ መምህሩ አጎቴ አለኸኝ ነው።

ከእኔም የደበቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የምሮጠው ወደ አያቴ ስለሆነ፣ የልጅ አፍ ወንፊት ነው ተባለ። ለቅሶው እስኪያልፍ ሸኸዲ፣ የእናቴ ጓደኛ ቤት አቆዩኝ። ስመለስ እናቴ ፀጉሯን ተቆርጣ አገኘኋት። «ለሙቀቱ ነው» አለችኝ። ጥቁር ቀሚሷንም ስጠይቅ «ያጎቴ ልጅ ሞቶ» አለች፤ መተማ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ለማንኛውም ነገር በቂ ምክንያት ነውና ፀጉሯን አልጠረጠርኩም።

ጭንቁ የመጣው ከአያቴ ዓይን ላይ ጨርቁ ሲነሳ ነው። ያረፉት ሳንጃ፣ ነርስ የሆነችው አክስቴ ውባንች ቤት ነበር። ስንት ዓመት በጭጋግ ውስጥ ከርመው መጀመሪያ የጠየቁት ሰማዩን አይደለም። «ዓይኔን ካበራችሁልኝ ሰማኸኝን አሳዩኝ። ፊቱ ከጠፋብኝ ቆየ» አሉ። ሥራ ይዞት ነው ሲባሉ አንድ ሰሞን ታገሡ፤ ከዚያ «ወይ አምጡት፣ ወይ ውሰዱኝ» ማለት ጀመሩ። ካለቀሱ ዓይናቸው ሊጠፋ፣ ልጃቸውን ካላዩ ደግሞ ሊያለቅሱ ሆነ። አጎቴ አንድ መላ መታ። አባቴ እኔ ሳልወለድ ከሱዳን ያመጣት የቪዲዮ ካሜራ ነበረችው፤ የቀረጻቸው ካሴቶችም ቤት አሉ። ከነሱ ላይ ተለቃቅሞ አንድ ዲቪዲ ይሠራና ከሱዳን የላከላቸው ተብሎ ይታይላቸው አለ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ለእምዬ አባትሽን በዲስክ እንልክላቸዋለን» የሚለውን ብቻ ነው። አባቴ ረጅም ሰው ነበር። እንዴት አድርጎ እዚያች ቀለበት ላይ እንደሚገባ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ፤ መግባቱን ግን አልተጠራጠርኩም።

«ርካሽ ሆኖ ደህና አድርጎ የሚሠራው የትኛው ነው?» አለች እናቴ፣ ወንበር ሳትስብ፣ እንደቆመች።

ሙሐመድጣሂር እጁን በፎጣ ጠረገና ሁለት ሲዲ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «ሦስት መንገድ አለሽ፣ እህቴ ምስራቅ። ይሄኛው የዲስክ መጻፊያውን ስገዛ ካርቶኑ ውስጥ በነጻ የመጣ ነው። ካሴቱን እንዳለ ይገለብጠዋል፣ ኸላስ። መቁረጥ የለ፣ መቀጠል የለ።»

«ይሄስ?»

«ይሄ ቆንጆ ነው። ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ መስኮት ያወጣል። ግን ለሙከራ የተለቀቀ ነው። ካልገዛሽው ከሥዕሉ ግርጌ ጥቁር መስመር ያሰምርና የራሱን ስም ይጽፍበታል፤ ከዳር እስከ ዳር። እንዳይጠፋ ሆኖ።»

«ሦስተኛውስ?» አለ አጎቴ።

«ሦስተኛው እሱው ነው፣ የተገዛው። መስመር የለበትም፤ ወላሂ ሲኒማ በይው። ካርቱም ያለው ወንድሜ ይገዛዋል፤ ዋጋው ግን የአንድ ኩንታል ሰሊጥ ያህል ይሄዳል።»

«ሦስተኛው ይሁን» አለ አጎቴ ሳያንገራግር። «ስንቱን ሺህ ኩንታል የጎተተ ሰው አንድ ኩንታል አይበዛበትም።» ይህን ብሎ ፊቱን ወደ በሩ አዞረና ዓይኑን አሸ። የሰሊጥ አቧራ የገባበት መሰለኝ።

«መስኮት ያወጣል ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሙሐመድጣሂር ሳቀና ከፊቱ አስቀመጠኝ። ካሜራዋን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዞ ከካሴቶቹ ቀንጨብ ቀንጨብ አድርጎ አስገብቶ ኖሮ፣ አንድ ነገር ሲጫን ሰማያዊ ሜዳ ላይ ሦስት ትንንሽ መስኮቶች በሩ። በአንዱ አባቴ ትራክተር ላይ ተቀምጧል። በሌላው እኔን በክርስትናዬ ቀን አቅፎኛል። በሦስተኛው ነጭ ግድግዳ ተደግፎ ፊት ለፊት እያየን ያወራል። ድምፅ የላቸውም። ሦስቱም አባቶቼ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ የቱን እንደምጠራው የሚጠብቁ መሰለኝ።

«ሲነካ ይመጣል?»

«ሲነካ ይመጣል፣ ሐቢብቲ» አለኝ።

በማውሱ ሦስተኛውን ነካሁ። አባቴ ገጹን ሙሉ ሞልቶ መጣ። ጢሙ አድጓል፤ ከኋላው የሆነ ሰው በዓረብኛ ይጣራል፤ ዝንብ ትከሻው ላይ አርፋ ትነሳለች። ከሥዕሉ ግርጌ፣ ከጥግ በኩል፣ ካሜራዋ የምትጽፈው ነጭ ቁጥር ነበር፤ እኔ የዋጋ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ሙሐመድጣሂር በሙከራው ፕሮግራም ያንኑ ሥዕል አሳየን። ከግርጌው ወፍራም ጥቁር መስመር መጣና የአባቴን ወገብና እጆቹን ዋጠ። ላዩ ላይ የፈረንጅ ፊደል ተገጥግጦበታል።

«ኧረ ይሄ ነውር ነው!» አለ አጎቴ። «ወንድሜን በጥቁር ጨርቅ...» እኔን አይቶ ዝም አለ።

እናቴ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። መስመሩ ላይ ጣቷን ከዳር እስከ ዳር አስኬደች፤ ጥጉ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ይሄኛው ይሁን» አለች።

«ምስራቅ፣ ብሩን እኔ እችላለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ስለ ብሩ አይደለም። ይሄኛው ይሁን።»

ለእኔ ግን ስለ ብሩ ነበር። ቆንጆው፣ ንጹሁ፣ አባቴን ከነሙሉ አካሉ የሚያሳየው እያለ ርካሹን መረጠች። የጎረቤት ልጆች ሲያዩት ምን ይላሉ? ለእንግዳ የማትሰስት ሴት ለባሏ ትሰስታለች እንዴ እያልኩ ተናደድኩባት።

ነገሩን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያ ጥጉ ላይ ያለው ነጭ ቁጥር ቀን ነበር። አባቴ ግድግዳ ተደግፎ የተቀረጸው በዚያ ዓመት አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ገዳሪፍ ሲሠራ ነው። አያቴ ፊደል ባይቆጥሩም ውባንች ቤት ግን ጎረቤቱ፣ ተማሪው፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ ሊያይ ይመጣል፤ አንዱ ቀኑን ጮክ ብሎ ካነበበው ጉዱ ፈላ። ንጹሁ ፕሮግራም ያንን ቀን ንጹሕ አድርጎ ያሳይ ነበር። ሌላው ሰው ለማስጠፋት ገንዘብ የሚከፍልበት ጥቁር መስመር ልክ ቀኑ ላይ አረፈ፤ ይህን ከሁሉም ቀድማ ያየችው እናቴ ናት። የተገዛውም ቢሆን ቀን የሚሸፍን መሣሪያ እንዳለው ዛሬ እኔ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ሙሐመድጣሂርም አያውቅም፤ ማንም አያውቅም።

ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ የሚናገረውን ከመጀመሪያው እንዲያሰማን ሙሐመድጣሂር ድምፁን ከፈተው።

«እምዬ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ» አለ አባቴ። «እኔ ደህና ነኝ። ሥራውም ደህና ነው፤ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ጸሎትዎ አይለየኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ።»

ከደስታዬ ብዛት ወንበሩ ላይ ዘለልኩ። ፋሲካ ሩቅ አልነበረም።

«‹አይለየኝ› ሲል ቁረጠው» አለች እናቴ።

«ተይው እንጂ፣ ደስ ይላቸዋል» አለ አጎቴ።

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኔ እንዳልሰማ ነው፤ እኔ ግን ሰማሁ። «ደህና ነኝ ማለቱን ይስሙት። የማይሆነውን ይሆናል ብዬ ግን አልልክላቸውም። ቀን ሲጠብቁ፣ በር በሩን ሲያዩ... አልችልም አለኸኝ። ይሄን አታሸክመኝ።»

ሙሐመድጣሂር ማንንም ሳያይ ጣቱን ጫነ። «ለፋሲካ እመጣለሁ» ጠፋች። የሆነ ቦታ የምትወድቅ መስሎኝ ጠረጴዛው ሥር ሳይቀር አየሁ።

«አባቴ እንዲመጣ አትፈልጊም!» ብዬ ጮህኩባት። ዘምዘም ከጓሮ ብቅ ብላ «ነይ የኔ እናት፣ ነይ» ብላ ጎተተችኝና ቀይ ከርከዴ በብርጭቆ ሰጠችኝ፤ እኔ ስጠጣ እሷ ትከሻዋ ላይ በጣለችው ቶቧ ጠርዝ ፊቷን ትጠርግ ነበር። እናቴን ቀና ብዬ አላየኋትም። ዛሬ ያን ፊቷን ለማየት ስንት ነገር እሰጥ ነበር።

ዲስኩ ሲጻፍ ግን ሁሉን ረሳሁት። ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን ነበር፤ ከግራ ወደ ቀኝ አረንጓዴ እየሞላ ይሄዳል። ሙሐመድጣሂር ማንም ማራገቢያውን እንዳይነካ፣ በር እንዳይከፍት፣ እንዳይረግጥ አዘዘ፤ መብራት ከጠፋ ዲስኩ በሩ ላይ ከሚንጠለጠሉት ይቀላቀላል። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። እኔ አረንጓዴውን መንገድ አደረግሁት። ግራው ዳር ገዳሪፍ ነው፤ ቀኙ ዳር እኛ ነን። አባቴ ይመጣል።

«የት ደረሰ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«እኩሌታ» አለ ሙሐመድጣሂር።

እኩሌታው ላይ ደረቅ የሱዳን ሜዳ አየሁ፤ የቆመ ማሽላ፣ ግመል፣ የውሃ ታንከር። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠየቅሁ። «ቀርቧል» አለኝ። ገላባት ድልድይ ላይ ቆሞ፣ ሻንጣውን መሬት አሳርፎ፣ ላቡን ሲጠርግ ይታየኝ ጀመር። ከዚያ አረንጓዴው ሞላ፤ ማሽኑ ምላሱን አወጣ፤ ዲስኩ ላይ የበሩ ቀስተ ደመና ሁሉ ተሰበሰበ። እናቴ በመሃረብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። እስከ ቤታችን ድረስ እጇን ከደረቷ ላይ አላነሳችም።

የግማሽ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ በጎንደር ዞረን ሳንጃ ገባን። ውባንች ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። አያቴ ሐኪም የሰጣቸውን ጥቁር መነጽር አድርገው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔን ሲያዩኝ አውልቀው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እንዲህ ነሽ ለካ! ግንባርሽ የሰማኸኝ ነው» አሉኝ። እስከዚያ ቀን በጣታቸው ብቻ ነበር የሚያውቁኝ።

ሪሞቱን የሰጡት ለእኔ ነው። መስኮቶቹ ሲበሩ ቤቱ «ውይ!» አለ። አያቴ ተነሥተው እስከ ቴሌቪዥኑ ሄዱና አንዱን መስኮት በአመልካች ጣታቸው ነኩት። «ይሄ ነው? ሸበተ እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ትራክተሩ ላይ ሲያዩት «ጉድ እኮ ነው፣ በሬ ጠምዶ የማያውቅ ልጅ!» አሉ። አንድ የጎረቤት ተማሪ «ይሄ ታች ያለው ጥቁር ነገር ምንድነው?» ሲል አጎቴ ቀበል አድርጎ «የሱዳኖች ማስታወቂያ ነው፤ እነሱ ያለ ማስታወቂያ አይሆንላቸውም» አለ። እኔ አፈርኩ። እናቴ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ከዚያ ሦስተኛውን ነካሁ። «እምዬ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ» ሲል ቤቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። አያቴን ቀና ብዬ አየኋቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ጸሎት እያደረሱ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አባቴ «ጸሎትዎ አይለየኝ» አለና ጠፋ፤ መስኮቶቹ ተመለሱ። የአያቴ ከንፈር ግን አልቆመም፤ ትንሽ ቀጠለ። ከዚያ ተዘጋ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉኝ።

ደገምኩላቸው። ሦስተኛም ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ተመስገን፣ አየሁት» ብለው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። አንዲት እንባ አልወጣቸውም። አጎቴ ደጅ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ውባንች ለጎረቤቱ አረቄ ልትቀዳ ሮጠች። ሁሉም የተሳካላቸው መስሏቸው ነበር።

አልተሳካም። አያቴ ከመሞታቸው በፊት፣ እኔ አድጌ፣ ምን ይጸልዩ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ጸሎት አልነበረም። አባቴ ከገዳሪፍ በተመለሰ ጊዜ መጀመሪያ የገባው ሳንጃ ነው። እናቱ ማየት ስለማይችሉ ካሜራዋን ጆሯቸው ላይ ለጥፎ «ይኸው፣ እልክልዎታለሁ ብዬ የተቀረጽኩት፤ እኔው ቀድሜው መጣሁ» እያለ አሰማቸው። ደግመው ደጋግመው አስከፈቱት። ይህን ከሁለቱ በቀር ማንም አላወቀም። እኛ ዓይን ላላቸው ሰዎች ብለን ቀኑን ሸፈንን፤ እሳቸው ግን ያን ሁሉ ዓመት የኖሩት በጆሯቸው እንደሆነ ማንኛችንም አላሰብንም።

«ከነትንፋሹ በቃሌ ይዤው ነበር» አሉኝ። «በዚያ ፋሲካ እመጣለሁ ብሎ መጥቷል እኮ። ያረጀ ቃል አዲስ አድርገው ሲያሰሙኝ ልቤ ደነገጠ። እስቲ መጨረሻዋን ልስማ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቀረች። እናትሽ ቅን ሰው ናት፤ የማይሆነውን ልትልክልኝ አልሆነላትም። በዚያው አወቅሁት።»

እኔ ያን ዕረፍት በሙሉ ሳንጃ ቆየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ጊዜ አላስታውስም። ከሰዓት በኋላ ውባንች ሥራ ላይ ስትሆን እኔና አያቴ መስኮቱን ዘግተን፣ ግማሽ ጨለማ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ተጋድመን አባቴን እንጠራዋለን። እሳቸው ከመስኮቶቹ ውስጥ የሌለውን ሁሉ ይጨምሩልኛል፦ ጥርሱን ሲነቅል ምን እንዳለ፣ ስንት ጊዜ ከትምህርት ቤት እንደጠፋ፣ በጥምቀት የማንን ልጅ በሎሚ እንደመታ። እንስቃለን። አንዳንዴ ቃል ጀምረው ያቆማሉ፤ ቀና ብዬ ሳያቸው ጉንጬን ቆንጠጥ ያደርጉኛል። የምንጫወት መስሎኝ ነበር። አያቴ ልጃቸውን እየቀበሩ ነበር፤ እኔን እንዳያስደነግጡ ድምፅ ሳያወጡ።

የዓይናቸው ቁስል ጠንቷል ብሎ ሐኪሙ በፈቀደ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። አልጋው ላይ ጋቢ ውስጥ ነበርኩ፤ ግማሽ እንቅልፍ ይዞኛል። ደጁ ላይ ወንዶች በዝግታ ያወራሉ፤ አጎቴ፣ እናቴ፣ አቶ እንግዳው የሚባሉት ሽማግሌ፣ ቄሱ። በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ሰው የሚመጣው መንገደኛ ሲገባ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴ መጣ! ግን አልተነሣሁም፤ ደስታው እንዳይበተንብኝ ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ ላቆየው ፈለግሁ።

ማንም ሳያንኳኳ በሩ ተከፈተ። የከፈቱት አያቴ ናቸው። ለብሰው፣ መቀነታቸውን አጥብቀው፣ ቆመው ሲጠብቁ ኖረዋል።

«እማማ አለምነሽ...» አሉ አቶ እንግዳው።

«ግቡ። አውቄዋለሁ» አሉ አያቴ። «አትጩኹ፤ ልጅቷ ተኝታለች።»

ደጁ ላይ የሆነ ሰው ለጩኸት የከፈተውን አፉን በእጁ ሲያፍን ሰማሁ። እናቴ ናት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ አጎቴ።

«እሱን ተወው። እኔስ በሆዴ እያለቀስኩ ሰነበትኩ፤ ያልተረዳችው እሷ ናት። እናንተ ለእኔ የመጣችሁ መስሏችኋል፤ ለእሷ ነው የመጣችሁት። በጩኸት አትስማው። እኔ እነግራታለሁ።»

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ጋቢዬን ገፍፌ ቁጭ አልኩ። ቤቱ ሙሉ ሰው ቆሞ ያየኛል። ከሁሉም መሀል ረጅሙን ሰው ፈለግሁት።

«አባቴ መጣ?» አልኩ።

አያቴ መጥተው አልጋው ላይ ተቀመጡ። ሳንጃ ላይ ብርሃን ገና መግባቱ ነበር፤ ፊታቸው ግራጫ ነው። ሁለት እጄን በአንድ እጃቸው ሰበሰቡ።

«የኔ ዓለም፣ አባትሽ አይመጣም። አባትሽ ሞቷል። አብደራፊ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው፤ ዛሬ አብረን እንሄዳለን፤ እኔም እስካሁን አላየሁትም፣ አንቺም አላየሽውም። እናትሽን ቂም እንዳትይዥባት። እናትሽ ብቻ ናት ይመጣል ብላ ያልዋሸችን።»

ከዚያ አለቀሱ። ያን ሁሉ ቀን ጠብቀው፣ ቃሉን ለእኔ አድርሰው ከጨረሱ በኋላ ነው ያለቀሱት፤ እንባው ከተቀደደው ዓይንም ካልተቀደደውም እኩል ወረደ። እኔ ከሁሉ ነገር የገባኝ ዓይናቸው ብቻ ነበር። በመዳፌ እየጠረግሁ «እምዬ አያልቅሱ፣ ዓይንዎ! ሐኪሙ ከልክሏል! ዓይንዎ ይጠፋል!» እያልኩ ለመንኳቸው።

እጄን ይዘው ጉንጫቸው ላይ አሳረፉት።

«ይጥፋ» አሉኝ። «አየሁት እኮ።»

ያን ጊዜ እናቴ ከበሩ ሮጣ መጥታ ላያችን ላይ ወደቀች፤ እኔም የተቆረጠ ፀጉሯ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቴ አለቀስኩ።